ለኤንጅን ውድድር የመክፈቻ መጽሐፍ አዘገጃጀት፦ ከመውጫው መጀመር

የቼዝ ኤንጅን (ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም) የመክፈቻ መጽሐፍ የሚባለው ፋይል ሥራው አጭር ነው። ጨዋታው ሲጀመር ኤንጅኑ ሳያስብ ከፋይሉ እያነበበ ይጫወታል። ሰሌዳው ላይ ያለው አሰላለፍ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ማንበቡን ትቶ ማስላት ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ የሚያሰላበትን አሰላለፍ «መውጫ» እንበለው። መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ጊዜውን የሚፈጀው በአብዛኛው መግቢያው ላይ ነው፦ ሲሲሊያን ይሁን ፍሬንች፣ ስንት ሺህ ጨዋታ ይግባ እያለ። ነጥብ የሚገኘውም የሚጠፋውም መውጫው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1997 ኒው ዮርክ ላይ የዓለም ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭና የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ያደረጉትን ስድስተኛ ጨዋታ እዩ። ካስፓሮቭ በካሮ ካን መከላከያ፣ በ7ኛው እርምጃ ወታደሩን ወደ ኤች6 ገፋ። ዲፕ ብሉ ፈረሱን ሠውቶ ኢ6 ላይ ያለውን ወታደር በላ። መሥዋዕቱ ከመጽሐፉ የመጣ ነበር። ከሁለት እርምጃ በኋላ የጥቁር ንጉሥ ዲ8 ላይ ወጥቶ ካስል የማድረግ (ንጉሥንና ግንብን በአንድ እርምጃ አብሮ የማንቀሳቀስ) መብቱን አጣ፤ ጨዋታው በ19ኛው እርምጃ አለቀ። ያንን ፋይል ያዘጋጁት ሰዎች ማሽናቸው ማስላት ሲጀምር ምን ዓይነት ሰሌዳ እንደሚጠብቀው ያውቁ ነበር።

(አደባባዮቹን በፊደልና በቁጥር እንጠራለን፦ ከግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች። ፊደሉ ብቻውን ከተጻፈ፣ ለምሳሌ ኢ4፣ ወታደር ነው የሄደው።)

መጀመሪያ ደንቡን አንብቡ

ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ተወዳዳሪ ለራሱ ኤንጅን የሚያዘጋጀው መጽሐፍ ነው፤ ዓላማው ማሸነፍ ነው። ሁለተኛው አዘጋጁ ለሁሉም ተወዳዳሪ የሚሰጠው የመነሻ አሰላለፍ ስብስብ ነው፤ ዓላማው የትኛው ኤንጅን እንደሚበልጥ ማሳየት ነው። በቲሲኢሲ (በኢንተርኔት የሚካሄድ የኤንጅኖች ሻምፒዮና) መክፈቻውን የሚመርጠው አዘጋጁ ሲሆን፣ ሁለቱ ኤንጅኖች ቀለም እየተቀያየሩ አንዱን መክፈቻ ሁለት ጊዜ ይጫወቱታል። ኤንጅኖችን እያጫወተ ደረጃ የሚያወጣው ሲሲአርኤል ለደረጃ ሰንጠረዡ የሚጠቀመው እስከ 12 እርምጃ የሚደርስ የጋራ መጽሐፍ ነው። የፕሮግራም ደራሲዎች እርስ በርስ በሚገናኙባቸው ውድድሮች ግን ሁሉም የየራሱን ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። የእናንተ ውድድር ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ የእርምጃ ገደብ እንዳለው፣ በዙር መካከል ፋይሉን መቀየር ይፈቀድ እንደሆነ ሳታረጋግጡ ሥራ አትጀምሩ።

የፋይሉ ዓይነትም ከዚሁ ጋር ይወሰናል። ለተወዳዳሪ በስፋት የሚሠራው ፖሊግሎት የተባለው መጽሐፍ ሠሪ ፕሮግራም የሚያወጣው ቢን ፋይል ነው። ኤቢኬ አሬና የተባለው፣ ሲቲጂ ቼስቤዝ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ፋይል ነው። ለአዘጋጅ ፒጂኤን (ጨዋታዎች በጽሑፍ የሚቀመጡበት ፋይል) ወይም ኢፒዲ (የአሰላለፎች ዝርዝር) ይበቃል።

ጨዋታ መሰብሰብና ማበጠር

ሊቼስ የተባለው የኢንተርኔት ቼዝ ጣቢያ ደረጃ የሚቆጠርባቸውን ጨዋታዎች በየወሩ በነፃ ያወጣል፤ ፈቃዱ ሲሲ0 ስለሆነ ለፈለጋችሁት ሥራ ይውላል። ፋይሉ በዜድስታንዳርድ የታመቀ ፒጂኤን ነው። የቅርብ ዓመታት የአንድ ወር ፋይል ታምቆም ከ20 ጊጋባይት ያልፋል። ስለዚህ ዲስክ ላይ አትፍቱት፤ የሚፈታውን ፕሮግራም በቀጥታ ወደሚያጣራው ፕሮግራም አፍስሱት። ዘ ዊክ ኢን ቼስ ደግሞ የትልልቅ ውድድሮችን ጨዋታ በየሳምንቱ ያወጣል፤ ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ጥራቱ ግን ከፍ ያለ ነው።

ለማበጠር ፒጂኤን ኤክስትራክት የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። በትልቁ ዲ የሚጻፈው አማራጭ ድርብ ጨዋታዎችን ይጥላል፤ ትልቁ ሲ አስተያየቶችን፣ ትልቁ ኤን የምዘና ምልክቶችን፣ ትልቁ ቪ በቅንፍ ያሉ አማራጭ መስመሮችን ያወጣል። ከዚያ የሁለቱም ተጫዋች ደረጃ 2400ና ከዚያ በላይ የሆነውን አስቀሩ፤ ቡሌት (በጣም አጭር ሰዓት ያለው) ጨዋታ፣ ከ20 እርምጃ በፊት ያለቀና በሰዓት ማለቅ የተወሰነ ጨዋታ ይውጣ። የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ነጭ አሸናፊ አሰላለፍ ይዞ ሰዓቱ ቢያልቅበት ውጤቱ 0 ለ 1 ተብሎ ይመዘገባል፤ መጽሐፉን የሚሠራው ፕሮግራም ሰሌዳውን አያይም፣ የሚያየው ውጤቱን ብቻ ነው። ሲጣራ ከ200,000 እስከ 500,000 ጨዋታ ከቀራችሁ እስከ 12 እርምጃ ለሚሄድ መጽሐፍ ይበቃል።

መገንባት፣ ክብደቱን ሳያምኑ

ፖሊግሎትን የጻፈው የፍሩት ኤንጅን ደራሲ ፋቢየን ሌቱዜ ነው። «ሜክ ቡክ» የሚለው ትዕዛዝ ፒጂኤኑን ወስዶ ቢን ያወጣል። ሁለት ቁጥሮች ላይ አተኩሩ። ማክስ ፕላይ የሚቆጥረው ግማሽ እርምጃ (የአንዱን ወገን ብቻ) ነው፦ 12 ሙሉ እርምጃ ከፈለጋችሁ 24 ጻፉ። 12 ብላችሁ ጽፋችሁ ኤንጅኑ በ7ኛው እርምጃ ማስላት ከጀመረ የተሳሳታችሁት እዚህ ነው። ሚን ጌም አንድ እርምጃ ወደ መጽሐፉ ለመግባት ቢያንስ በስንት ጨዋታ መታየት እንዳለበት ይወስናል። ካልነካችሁት 3 ነው፤ ለግማሽ ሚሊዮን ጨዋታ 20 አድርጉት። 1 ካደረጋችሁት እጅ ስቶ የተጫወተ ሁሉ መጽሐፋችሁ ውስጥ ይገባል።

ፖሊግሎት ለእያንዳንዱ እርምጃ ክብደት የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ ለአንድ ድል 2፣ ለአንድ አቻ 1፣ ለሽንፈት ምንም። ተደምሮ ፋይሉ ሊይዘው በሚችለው የቁጥር ገደብ ልክ ይመጠናል። ቀላል ይመስላል፤ አሁን አንድ ቦታ ላይ ሁለት እርምጃ አለ እንበል። የመጀመሪያው 100 ጊዜ ተጫውቶ 40 ድል፣ 30 አቻ፣ 30 ሽንፈት አለው፦ ክብደቱ 110። ሁለተኛው 60 ጊዜ ተጫውቶ 40 ድል፣ 10 አቻ፣ 10 ሽንፈት አለው፦ ክብደቱ 90። በውጤት ስናየው የመጀመሪያው 55 ከመቶ፣ ሁለተኛው 75 ከመቶ ነው። ኤንጅኑ በክብደት ዕጣ ሲያወጣ ግን ደካማውን 55 ከመቶ ጊዜ ይመርጣል። ክብደቱ የሚለካው በአብዛኛው ዝናን ነው።

ዝና ደግሞ ከአቻ ጋር ይዛመዳል። በስፓኒሽ መክፈቻ የበርሊን መከላከያ ውስጥ የነጭ ንግሥት በዲ4ና በኢ4፣ የጥቁር ንግሥት በዲ6ና በኢ6 እየተመላለሱ በ14ኛው እርምጃ ገደማ አቻ የሚወጣበት መስመር አለ። ታላላቅ ተጫዋቾች ተስማምተው ወደ ቤት መሄድ ሲፈልጉ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ በጨዋታ ብዛት ሲመዘን ጥሩ ክብደት ይዞ ይገባል፤ ኤንጅናችሁም ከደካማ ተጋጣሚ ጋር አንድ ሰከንድ ሳያስብ ግማሽ ነጥብ ይሰጣል።

መፍትሔው ዋና መስመሮቻችሁን በእጅ ጽፎ ከላይ መደረብ ነው። ለነጭ አንድ ፒጂኤን፣ ለጥቁር ሌላ ፒጂኤን ጻፉ። የነጩን ውጤት 1 ለ 0፣ የጥቁሩን 0 ለ 1 አድርጉት፤ ዜሮ ክብደት ያለው እርምጃ አይመረጥምና። ሲገነባ የነጩ ፋይል «ኦንሊ ዋይት» በሚለው፣ የጥቁሩ «ኦንሊ ብላክ» በሚለው አማራጭ ይሁን፤ ይህን ከዘለላችሁ ለተጋጣሚ ብላችሁ የጻፋችሁት ደካማ መልስ ቀለሙ ሲቀየር የእናንተ ምርጫ ይሆናል። ሚን ጌምን እዚህ 1 ማድረግ ግድ ነው፦ እያንዳንዱ መስመር የተጻፈው አንድ ጊዜ ስለሆነ በ3 ከተውት ባዶ ማለት የሚቻል ፋይል ይወጣል፣ ያለ ምንም የስህተት መልእክት። ከዚያ «መርጅ ቡክ» በእጅ የተሠራውን በመጀመሪያ ግቤትነት፣ ትልቁን በሁለተኛነት ይቀላቅላል። አንድ አሰላለፍ በሁለቱም ውስጥ ካለ የመጀመሪያው ያሸንፋል። ቅደም ተከተሉን ካገላበጣችሁት የእጅ ሥራችሁ በሙሉ ከታች ይቀበራል።

ቢኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው

እያንዳንዱ መዝገብ 16 ባይት ነው፦ 8 ባይት የአሰላለፉ ቁልፍ፣ 2 ባይት እርምጃው፣ 2 ባይት ክብደቱ፣ 4 ባይት ለመማሪያ የተተወ ቦታ። 500,000 መዝገብ 8,000,000 ባይት ማለት ነው። የፋይላችሁ መጠን ለ16 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ከዚህ የፈጠነ ምርመራ የለም።

መዝገቦቹ በቁልፍ ቅደም ተከተል የተደረደሩ ናቸው፣ ኤንጅኑም የሚፈልገው ግማሽ በግማሽ እየከፈለ ነው። ሁለት ቢን ፋይሎችን በኮፒ ትዕዛዝ ጫፍ ለጫፍ ብትቀጥሉ መጠኑ ለ16 ይካፈላል፣ መዝገቡም ሁሉ አለ፤ ፍለጋው ግን ብዙውን ያጣዋል። ምልክቱ ኤንጅኑ ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ ቁጭ ብሎ ማሰቡ ነው።

ሌላው ወጥመድ ካስል ነው። ፖሊግሎት ካስልን የሚጽፈው ንጉሡ የራሱን ግንብ እንደበላ አድርጎ ነው፦ ከኢ1 ወደ ኤች1። በእጅ የተጻፉ አንዳንድ መሣሪያዎች ከኢ1 ወደ ጂ1 ብለው ይጽፋሉ። አንዱ ፕሮግራም ይቀበለዋል፣ ሌላው ሕገወጥ እርምጃ ብሎ ጨዋታውን ለተጋጣሚ ይሰጣል። አሥር የካስል መዝገቦችን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ቁልፉ የሚሠራው ከጠጠሮቹ ቦታ፣ ከካስል መብት፣ ከአልፎ መብላት ዕድልና ከተራው ነው። (በእኛ ባህላዊ የሰንጠረዥ ጨዋታ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚያሰልፉበት ወረራ አለ፤ ተራ ለሌለው መክፈቻ እንዲህ ያለ መጽሐፍ መሥራት ባልተቻለ ነበር።) መጽሐፉ የሚያውቀው አሰላለፍን ነው፣ እንዴት እንደተደረሰበት አያውቅም። ይህ ይጠቅማል፤ በጎን የመጣ ተጋጣሚ ከመጽሐፍ አያስወጣችሁም። አደጋም አለው። ጥቁር ሆናችሁ ከሲሲሊያን ለመሸሽ በ1. ኢ4 ላይ ሲ5ን ሰርዛችኋል እንበል። በ1. ፈረስ ኤፍ3 ላይ ግን ሲ5 አለ። ተጋጣሚ 2. ኢ4 ሲል የሸሻችሁት ሲሲሊያን ውስጥ ናችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መስመር ስላጠፋችሁትም ኤንጅኑ ባዶ እጁን ነው። አንድ መክፈቻ ስትሰርዙ የሚሰረዘው ወደ አሰላለፉ የሚያስገቡት በሮች ሁሉ ናቸው።

መውጫዎቹን አንድ በአንድ መመርመር

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ከጠቅላላው ጊዜ ሁለት ሦስተኛውን ስጡት።

ፓይተን ቼስ የሚባለው ላይብረሪ ቢን ፋይል ያነባል። አጭር ፕሮግራም ጻፉ፦ ከመነሻው ይጀምራል፤ በእናንተ ተራ ላይ ክብደት ያላቸውን የመጽሐፉን እርምጃዎች ሁሉ ይከተላል፤ በተጋጣሚ ተራ ላይ መጽሐፉ ውስጥ ያሉትንና ወደ ሌላ የመጽሐፍ አሰላለፍ የሚያደርሱትን እርምጃዎች ሁሉ ይከተላል። በእናንተ ተራ መዝገብ የጠፋበት አሰላለፍ መውጫ ነው፤ ይመዝገብ። የተጎበኙትን ቁልፎች መያዝ አትርሱ፤ አለበለዚያ በተለያየ መንገድ የሚደረስበትን አንድ አሰላለፍ ሺህ ጊዜ ይቆጥረዋል።

ዝርዝሩን ስቶክፊሽ ለተባለው ጠንካራ ነፃ ኤንጅን ስጡ፤ ለእያንዳንዱ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ። ቁጥሩን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከ15.1 ዕትሙ ጀምሮ ስቶክፊሽ +1.00 ሲል የማሸነፍ ዕድሉ 50 ከመቶ ነው ማለቱ ነው፤ እንደ ድሮው የአንድ ወታደር ብልጫ አይደለም። ስለዚህ ለተወዳዳሪ መጽሐፍ ጥቁር ሆናችሁ ከ−0.50 የባሰ መውጫ መቀበል አይገባም። ልክ 0.00 የሚል ደግሞ ተጠርጣሪ ነው፦ እርምጃ በመደጋገም አቻ ሊሆን ይችላልና መስመሩን ክፈቱት።

መጥፎ መውጫ ስታገኙ የመጨረሻውን እርምጃ ብቻ ቆርጣችሁ አትለፉ። ብዙውን ጊዜ ስህተቱ ከሦስት ወይም ከአራት እርምጃ በፊት ነው የተሠራው፤ ጫፉን መቁረጥ ኤንጅኑን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ማውጣት ነው። ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ግምገማው የወደቀበትን የራሳችሁን እርምጃ ፈልጉና እሱን ሰርዙ።

ቀጥሎ ያ መውጫ ለእናንተ ኤንጅን ይሆነዋል ወይ? ስቶክፊሽ የተረዳውን የእናንተ ላይረዳው ይችላል። በውድድሩ የሰዓት ልክ አስሉትና ግምገማውን አወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ0.50 ካለፈ መስመሩን ተዉት። ከቁጥርም በላይ የሚናገረው የመጀመሪያው እርምጃው ነው። መጽሐፉ ፈረሱን ወደ ዲ2 ካመጣው በኋላ ኤንጅኑ ከመጽሐፍ እንደወጣ ወደ ቢ1 ቢመልሰው፣ ጋምቢት ሰጥቶ ወዲያው ወታደሩን ለማስመለስ ቢሯሯጥ፣ መጽሐፉና ኤንጅኑ አልተዋወቁም ማለት ነው።

ቀዳዳ መፈለግም አለ። ከእያንዳንዱ የመጽሐፍ እርምጃ በኋላ የተጋጣሚን ሦስት ምርጥ መልሶች በመልቲ ፒቪ (ኤንጅኑ ከአንድ በላይ መስመር በሚያሳይበት አማራጭ) አውጡ። ከሦስቱ አንዱ መጽሐፉ ውስጥ ከሌለ መልስ ጻፉለት። ለደካማ መልሶች አትድከሙ፤ ለእነሱ ኤንጅኑ ራሱ ይበቃል።

አንድን መስመር በጨዋታ መሞከር ከፈለጋችሁ ቁጥሩን አትናቁ። 100 ጨዋታ አድርጋችሁ ግማሹ አቻ ቢወጣ የስህተቱ ክልል ወደ 7 ከመቶ ገደማ ነው፤ 53 ለ 47 ማለት ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው።

ጥልቀትን በተመለከተ፣ ረጅም መጽሐፍ ሰዓት ይቆጥባል፦ በእርምጃ 5 ሰከንድ ጭማሪ ባለበት ውድድር 15 እርምጃ ሳያስቡ መጫወት 75 ሰከንድ ያስገኛል። ያ ጥሩ ነው። ተጋጣሚያችሁ የቀድሞ ጨዋታችሁን አይቶ በ18ኛው እርምጃ ላይ ማደፈጡ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ሁለት ሦስት ምርጫ በተቀራራቢ ክብደት ያዙ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ አንድ ብቻ ይሁን።

አዘጋጅ ከሆናችሁ

እዚህ ሚዛኑ ይገለበጣል። ሁለት ጠንካራ ኤንጅኖች ከእኩል አሰላለፍ ቢጀምሩ ጨዋታው ከሞላ ጎደል ሁሉ አቻ ይሆንና ማንም አይለይም። ስለዚህ መውጫው ሆን ተብሎ ያዘነበለ ይሁን። ስቶክፊሽ ራሱ ለውጦቹን በሚፈትንበት ፊሽቴስት ዩኤችኦ የሚባሉት ያዘነበሉ የሰው መክፈቻዎች ያገለግላሉ። በቤታችሁም ከ+0.90 እስከ +1.20 ያለውን ለዩ፤ ነጭ ግማሹን ያሸንፋል፣ ጥቁር ግማሹን ያድናል። በአንጻሩ ለደካማ ኤንጅኖች ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ ከ0.30 በታች የሆነ እኩል ስብስብ ራሱ በቂ ስህተት ያስገኛል።

ኤንጅኖችን በሚያጫውተው የኩትቼስ ኮማንድ ላይን ፕሮግራም በየዙሩ 2 ጨዋታና «ሪፒት» የሚለውን አማራጭ አስገቡ። ሪፒት ከተረሳ ያዘነበለውን ነጭ አንዱ ኤንጅን ብቻ ያገኘዋል፣ ውጤቱም ዋጋ የለውም። 2,000 ጨዋታ ቢያንስ 1,000 የተለያየ አሰላለፍ ይፈልጋል። ሲቆጠርም በጥንድ ይቆጠር፦ 0፣ ግማሽ፣ 1፣ 1 ተኩል፣ 2። ሁለቱም በነጭ ካሸነፉ ያ ጥንድ 1 ለ 1 ነው፤ ስለ መክፈቻው እንጂ ስለ ኤንጅኖቹ አልተናገረም። እንዲህ ያለ ውጤት ብቻ የሚያወጣ አሰላለፍ ከስብስቡ ይውጣ።

ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት

የኤንጅኑን «ኦውን ቡክ» (የራሱን መጽሐፍ እንዲያነብ የሚፈቅደውን) አማራጭ ተመልከቱ። የውድድሩ ፕሮግራም መጽሐፍ እየሰጠ ኤንጅኑም የራሱን ካነበበ የትኛው እንደተጫወተ አታውቁም፤ አንዱን ዝጉ። ፋይሉን ለማንበብ ብቻ የተፈቀደ አድርጉት፤ የመማር ችሎታ ያለው ኤንጅን በፈተና ጨዋታ ላይ ክብደቱን ሊቀይርባችሁ ይችላል። ከዚያ በአጭር ሰዓት 20 ጨዋታ አጫውቱና ሎጉን ክፈቱ። የመጽሐፍ እርምጃዎች የፈጁት ሰዓት ዜሮ መሆን አለበት። ካስል የተደረገበት ጨዋታ አንድም ሳይቋረጥ ያለፈ መሆኑን እዩ።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሁለት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ ኤንጅኑ በስንተኛው እርምጃ ወጣ፣ ያኔስ ግምገማው ስንት ነበር? በመልካም መውጫ የተሸነፈ ጨዋታ የመጽሐፉ ጥፋት አይደለምና መስመሩን አትንኩት። በመጥፎ መውጫ የተሸነፈን ግን በእጅ በተጻፈው ፒጂኤን ላይ አስተካክሉ፣ መርጁን እንደገና አሂዱ፣ አዲሱን ፋይል በዙሩ ቁጥር ሰይሙት፣ አሮጌውንም አታጥፉት።